ሶስና ለታላሶ ያጨበጨበችበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 7

ዛሬ ሶስና አጨበጨበች። ለእኔ አይደለም።

የጨርቅ ሱቄን ለምሳ ዘግቼ ልጄን ላጠባ ከምትውልበት ታላሶ ግቢ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከመግባቴ በፊት ሳቅ ሰማሁ። የማን ልጅ ሳቅ እንደሆነ አላወቅሁትም። ገፋ አድርጌ ባይ የእኔዋ ናት። ሰማያዊው ሳፋ አጠገብ ተቀምጣ ሁለት እጇን ውሃ ውስጥ ትከትታለች፣ ታወጣለች። ፊቷ ላይ ሲረጭባት ትስቃለች። ከዚያ እርጥብ መዳፎቿን አጋጨቻቸው። አንዴ። ደገመችው። ታላሶም ከጎኗ አብራት አጨበጨበች።

«ሶሲ» አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። ሊገዛ ያልመጣ ሰው ጨርቅ እንደሚያይ አየችኝና ወደ ሳፋው ተመለሰች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልጄ ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው። እኩዮቿ ይሄዳሉ፤ እሷ እግሯን መሬት ሳስነካት እንደ ጫጩት ታጥፈዋለች። እርጥብ ነገር፣ የሚጣበቅ ነገር፣ አሸዋ፣ ሣር፣ ሁሉም ያስለቅሳታል። ሐኪሙ «ጊዜ ስጧት፤ ብዙ ነገር እንድትነካ አድርጉ፣ አጫውቷት» ብሎን ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ሱቁን ከፈትኩ። አባቷ ተሾመ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አስፋልቱ ተሠርቶ ወደ ማለቁ ከደረሰ ወዲህ የናይሮቢ ምልልሱ በዝቶ ቤት የሚያድርበት ቀን ተቆጥሮ ያልቃል።

ታላሶ የቦረና ሴት ናት። እናቴን ባታክል የእናቴን ታናሽ ታክላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የአራት ልጆች ጠባቂ ሆናለች። የእኔ ሶስና፣ የጫማ ነጋዴዋ የሐሊማ ልጅ ኢብሮ፣ የልብስ ሰፊዋ መንትዮች። ፊት ለፊት «አዴ ታላሶ፣ እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን «እሷ» ናት። ደብተሩ የእኔ ነው።

ማታ አልጋ ላይ አስቀምጬ አጨበጨብኩላት። አፌን አየችው፣ እጄን አየችው፣ አዛጋች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

እኔም አደርገዋለሁ አልኩ። ውሃ መቅዳት ምን ጥበብ አለው።

በቀትር ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሲሸሽ ሱቁን ዘግቼ ሶስናን ከታላሶ ወሰድኳት። «ዛሬ ቀደም ብለሽ ነው» አለችኝ። «እንቅልፍ ቢወስዳት ብዬ ነው» አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት ይሄ ነበር፤ ትንሽ ስለሆነ አልተሰማኝም።

ያዘጋጀሁት፦
አዲስ ሳፋ፣ ከጎረቤት ሱቅ የመጣ።
ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ።
አንድ ማንኪያ።
ከበርሜል የተቀዳ ውሃ።
አንድ ቢጫ ዳክዬ፣ ተሾመ ከናይሮቢ ያመጣው።

እጇን ይዤ ከተትኩት። ጮኸች። እንዲያው ማልቀስ አይደለም፤ ሰው የሚገድላት ያህል ጮኸች። አከራዬ ከግድግዳው ማዶ «ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁኝ። «ገላዋን እያጠብኳት ነው» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት።

አባበልኳት፣ እንደገና ሞከርኩ። ዳክዬውን ወረወረችው። ኩባያውን ሳሳያት ፊቷን አዞረች። መጨረሻ ላይ ሳፋው ተደፋ፣ እኔም ረጠብኩ፣ እሷም በለቅሶ ደክማ ትከሻዬ ላይ ተኛች። በዚህ በጋ አንድ ሳፋ ውሃ መሬት ጠጣው።

ወደ ማታ ታላሶን መንገድ ላይ አገኘኋት። እንደ ቀላል ነገር አድርጌ «ውሃውን እንዴት ወደደችልዎት?» አልኳት።

«ከጠዋት ጀምሬ ፀሐይ ላይ አኖረዋለሁ፤ ይሞቃል» አለች። «ደግሞ እጇን እኔ አልከትም። እኔ የራሴን እጅ እከትና እጫወታለሁ። አላያትም። ሦስት ሳምንት ዝም ብላ አየችኝ። ትናንት ራሷ መጣች።»

ሦስት ሳምንት። እኔ የሰጠኋት የአንድ ቀትር ግማሽ ነው። ይህን ሳስብ ማፈር ሲገባኝ የበለጠ ተናደድኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ዛሬ ፓስታ ነው። ታላሶ ፓስታ ያለ ጨው ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ ሸራ ላይ ዘርግታላቸው ነበር። መንትዮቹ አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ይጭናሉ። ኢብሮ ይበላዋል። በአንድ ጥግ በቆሎ የሞላባት ጠርሙስ አለች፤ ክዳኗ በክር ተጠምጥሞ ታስሯል፤ ሲያንከባልሏት እንደ ዝናብ ትንሿሿለች። ሌላዋ ውስጥ ባቄላ አለ፤ የእሷ ድምፅ ወፈር ይላል። የፍየል ቆዳ ቁራጭ። ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ፣ ለአፍ የማይገባ ትልቅ። ሁሉም ከቤት የወጣ፣ አንድም የተገዛ የለም። ታላሶ ቁጢጥ ብላ መሃላቸው ተቀምጣለች። ሳፋው ውሃ ካለበት እጇ ከሳፋው ጠርዝ አይነሳም። እንከን ፈልጌ ነበር ያየሁት። አጣሁ።

ግን ይህን ሁሉ ያየሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ይበልጣል።

በሩ ጋ ደርሼ ጫማዬን ከአቧራ ሳራግፍ ከውስጥ የሶስና ድምፅ መጣ። ጥርት ያለ።

«አዮ።»

ደገመችው። «አዮ። አዮ።»

ቦረንኛ ብዙ አልችልም፤ ይህችን ግን በሞያሌ የሚኖር ሁሉ ያውቃታል። «እናቴ» ማለት ነው።

ስገባ ሶስና ታላሶ ጭን ላይ ነበረች፣ ጣቷ ላይ አንድ ፓስታ ተጠምጥሞ። ታላሶ ፊቷ በርቶ «ሰማሽ?» አለችኝ።

«አልሰማሁም» አልኩ። ልጄን ወስጄ ጥግ ላይ አጠባኋት። ዓመት ከሁለት ወር «እማ በይ፣ እማ» እያልኩ ከንፈሬን ሳሳያት ከርሜአለሁ። መኪና ስታይ «ቡ» ትላለች። ፍየል ስታይ «ቡ» ትላለች። እኔንም «ቡ»።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሜትር የተጠየቅሁትን የሌሶ ጨርቅ አራት ሜትር ቆረጥኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

ይህን ልጽፈው አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት ነገ ራሴን ይቅር እላለሁ።

ጠዋት ሳስረክባት ሶስና ገና ከበሩ እጆቿን ወደ ታላሶ ዘረጋች። ለመንጠራራት በእግሯ ደረቴን ገፋችኝ። ያ መሬት የማይነካ እግር ለእኔ ሲሆን ጉልበት አለው።

ሱቅ ስደርስ ሐሊማ የጫማ ካርቶኖቿን እየደረደረች ነበር። ሱቆቻችን ግድግዳ ይጋራሉ። ከወዲያኛው ሞያሌ ናት፤ በኬንያ በኩል አድራ በኢትዮጵያ በኩል የምትነግድ። ጥሩ ጎረቤት ናት። «ኢብሮ እንዴት ጎበዝ ሆነ መሰለሽ፤ ይህችን ሴት ባናገኝ ምን እንሆን ነበር?» አለችኝ።

አፌ ቀደመኝ። «ለልጆቹ ባቄላ ትሰጣቸዋለች እኮ» አልኩ። «ትናንት ከሶስና አፍ ውስጥ ነው ያወጣሁት። ሊያንቃት ምንም አልቀረውም።»

ሐሊማ ካርቶኑን እንደያዘች ቀረች። «ወላሂ?»

«በዓይኔ አይቼ።»

ባቄላዋ ጠርሙስ ውስጥ ነች። ክዳኗ በክር ታስሯል። በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው።

ለምሳ ሄጄ ለታላሶ «ከነገ ጀምሮ የአክስቴ ልጅ ከሀገረ ማርያም መጥታ ትይዝልኛለች» አልኳት። የአክስት ልጅ የለኝም። ታላሶ ሶስናን አየቻት። ከዚያ «መልካም፤ ዘመድ ይሻላል» አለች። የልጄን ልብሶች አንድ በአንድ አጥፋ ሰጠችኝ። ታጥበው ነበር። እንድታጥብ ጠይቄያት አላውቅም።

አንቀልባውን አጥብቄ ስወጣ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እስከ አስፋልቱ ድረስ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 11

ሶስና ሱቅ ውስጥ ዋለች።

እስከ ረፋድ፦ ሁለት ጊዜ አለቀሰች፣ አንድ ጥቅል ቱል ዘረጋች፣ የደንበኛ ቦርሳ ላይ አስመለሰች። ገንፎ አልበላም አለች። ሙዝ አልበላም አለች። ጡት ይዛ ለቀቀች። ሁለት ሴቶች «እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። አይመለሱም።

በቀትር በሩን ገርበብ አድርጌ አብሬያት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። የታላሶ ነገር ትዝ አለኝ፤ እጇን እኔ አልከትም፣ እሷን አላያትም። ከጥቅሎቹ ሥር ቁርጥራጮቹን የማጠራቅምበትን ማዳበሪያ ጎተትኩና ብቻዬን መጫወት ጀመርኩ። ከፋይ። ሳቲን። አቡጀዲ። ሸካራ ካኪ። ዓይኔን ጨፍኜ ጨርቅን በጣቴ መለየት የማውቀው አንድ ሙያዬ ነው። ከፋዩን ጉንጬ ላይ አድርጌ ወደ ላይ ሳብኩት፤ ይለሰልሳል። ወደ ታች ስስበው ይሻክራል። ብዙ ጊዜ ነው ለራሴ እንዲህ ያላደረግሁት።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ትንሽ እጅ ከፋዩን ያዘችው። ሳበችው። ጉንጯ ላይ አደረገችው። ዓይኔን አየችኝ፤ የአሁኑ የሚያልፍ እይታ አልነበረም።

ደስታዬ ሩብ ሰዓት ቆየ። ሐሊማ በሩን አንኳክታ ገባች። ኢብሮ በጀርባዋ ነበር።

«እኔም አስቀረሁት» አለች። «ለልብስ ሰፊዋም ነገርኳት፤ መንትዮቿን ወዲያው አወጣች። አላህ ይስጥሽ፤ አንቺ ባታዪ ኖሮ አንዳቸው ይሞት ነበር።»

እኔ ለሐሊማ ብቻ የነገርኩ መስሎኝ ነበር። ሞያሌ ላይ ግን ወሬን ድንበር እንኳ አያቆማትም።

ሶስና ከፋዩን እንደያዘች ወደ በሩ ዳኸች። ወደ ታላሶ ግቢ በሚወስደው በኩል እያየች ተቀመጠች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ጠዋት ታላሶ ግቢ ሄድኩ። ምን እንደምል አላዘጋጀሁም። በሩ በቁልፍ ተዘግቷል። በቀዳዳው ሳይ ሳፋው ግድግዳው ላይ ተደፍቶ ቆሟል፣ ሸራው ተጠቅልሏል። ጎረቤቷ ወተት ሻጭ «ትናንት ጎዶማ መንደር ሄደች፣ ወንድሟ ጋ» አለችኝ። «ልጆቹን ሁሉ ወሰዱባት። ልጅ ልታንቅ ነበር ብለው። ከእንግዲህ ማን ልጅ ይሰጣታል? እዚያው ትቀር ይሆናል።» ከዚያ አየችኝ። «የአንቺም ነበረች አይደል?»

ነበረች አልኩ።

ሱቄን ሳልከፍት ሐሊማ ሱቅ ገባሁ። ቆሜ ነገርኳት። ባቄላ እንዳልነበረ። ሶስና «አዮ» ስላለቻት እንደሆነ። ስናገረው ከጻፍኩት ይልቅ ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል።

ሐሊማ መጀመሪያ አልገባትም። «አዮ ስላለቻት?» አለችኝ። «አዮ ያለችው አንቺን ነው እኮ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ታላሶ የእግራችንን ድምፅ ትለያለች። እኔ ስደርስ ለኢብሮ ‹አዮን ዱፍቴ› ትለዋለች፣ እናትህ መጣች ማለት ነው። አንቺም ስትደርሺ ለሶስና እንዲሁ ትላታለች። በየቀኑ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻታለሁ። ልጅሽ የጫማሽን ድምፅ ሰምታ ነው የተጣራችው።»

ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጥኩ። «ሰማሽ?» ያለችኝ ትዝ አለኝ። አልሰማሁም ያልኳትም።

ሐሊማ አላጽናናችኝም። «ልጄ ሁለት ቀን አለቀሰ» አለች። «እኔም በአፌ የሰው ስም ዞሬ አጠፋሁ። ያንቺን ውሸት እኔ ተሸከምኩት። አሁን ሂጂና ለራሷ ለታላሶ ንገሪያት። እስከዚያ እኔን አታናግሪኝ።» ጀርባዋን ሰጥታ ጫማ መደርደር ቀጠለች።

እሑድ፣ የካቲት 13

ከቅዳሴ መልስ ሶስናን አዝዬ ቦዳቦዳ ያዝኩ። ሞተረኛው «ከሕፃን ጋር ነው? ፖሌ ፖሌ እንሄዳለን» አለና ቀስ ብሎ ነዳ። ጎዶማ ስንደርስ ሁለታችንም አቧራ ለብሰን ነበር።

ታላሶ በወንድሟ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጣ ገመድ ትፈትላለች። ስታየኝ አልተነሳችም። «ነጋ?» አለችኝ፤ በቦረንኛ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው፤ ሰላምታ አይነፈግም። «ነጋ» አልኩ። ውሃ አስመጣችልኝ። እስክጠጣ ገመዷን ፈተለች።

ሶስና እጆቿን ዘረጋችላት። ታላሶ አልተቀበለቻትም። ሁለት እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ «ልጅሽ ናት፤ ያዣት» አለች። ሶስና አለቀሰች። ሳምንቱን ሙሉ ልጄ ከዚያች ሴት እቅፍ እንድትወጣ የተመኘሁ እኔ፣ እንድትቀበላት በልቤ ለመንኩ።

ነገርኳት። በአማርኛ የጀመርኩትን ቃል ሲያጥረኝ በተሰባበረ ቦረንኛ ቀጠልኩ። እርስዎ እያልኩ።

«እኔ የሰው ልጅ ጎድቼ አላውቅም» አለች። «በዚህ ዕድሜዬ ስሜን ባቄላ በላው።» ከዚያ «ለምን?» አለች።

«ቀናሁብዎት።»

ገመዱን አስቀመጠች።

«ቅናት አንቺ ብቻ የምታውቂው መሰለሽ?» አለች። «ቀኑን ሙሉ እኔ ጋ ይውላሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁላችሁም መጥታችሁ ትወስዷቸዋላችሁ። አንዳቸውም ዞሮ አያየኝም። ሳፋውን ደፍቼ ብቻዬን እገባለሁ። እኔ ግን ስለ አንቺ ክፉ ተናገርኩ?»

አልተናገሩም አልኩ።

«ለሰሙት ሁሉ አንቺው ንገሪያቸው። እኔ ዞሬ አልለምንም። ከዚያ እናያለን።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ልነሳ ስል ሶስናን በአንቀልባው እንዳስተካክል ረዳችኝ፤ የታጠፈውን እግሯን ቀና አደረገችላት። ሌላ አልነካቻትም።

ሰኞ፣ የካቲት 14

የነነዌ ጾም ገባ። ከማለዳው ሄጄ ልብስ ሰፊዋን በሱቋ አገኘኋት። ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ይውጡ ብዬ ልጠብቅ አሰብኩ፤ ከዚያ ወሬው የሄደው በሰው ፊት ነው አልኩና በሰው ፊት ተናገርኩ። «ዋሽቼ ነው። ባቄላ አልነበረም። አዴ ታላሶ ምንም አላጠፉም።» የስፌት መኪናዋ ቆመ። አንደኛዋ ደንበኛ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ልብስ ሰፊዋ «መንትዮቹን ለጊዜው እህቴ ይዛቸዋለች። እናያለን» አለች። ወተት ሻጯም ጋ ሄድኩ። እሷ ምራቋን እንትፍ ብላ ወተቷን መቅዳት ቀጠለች። ይገባኛል።

ሐሊማ ምንም ሳትለኝ ኢብሮን አዝላ ወደ ግቢው ስትሄድ አየኋት። ታላሶ በጠዋት የወተት መኪና ተመልሳለች ማለት ነው።

እኔም ሶስናን እንዳዘልኩ ተከተልኩ። በሩ ክፍት ነበር። ታላሶ ሳፋውን ፀሐይ ላይ እያኖረች ነው። ሶስናን ተቀበለችኝ። ፊቷ አልተፈታም፤ ግን ተቀበለችኝ። «የአክስትሽ ልጅ ሄደች?» አለች። ኢብሮን እያወረደች የነበረችው ሐሊማ ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች፤ የሳቀች መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።

«ቸኩለሻል?» አለችኝ ታላሶ።

«አልቸኮልኩም።» ሱቁ ተዘግቶ ነበር።

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

በትሪ እርጥብ አሸዋ አምጥታ መሃላችን አስቀመጠች። እኔ እጄን ከተትኩ፤ ከሥሩ ቀዝቃዛ፣ ከላዩ ለብ ያለ ነው። ሶስናን አላየኋትም። ኢብሮ በሁለት እጁ ገባበት። ሶስና እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። አልነካችውም። አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ፤ አልነካችውም። ታላሶ «ዛሬ አይደለም» አለች፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ።

ለመሄድ ስነሳ ሶስና አየችኝ። ከበሩ ስወጣ አለቀሰች። ከእኔ ስትለይ አልቅሳ አታውቅም ነበር። «አዮ» አለች፣ በለቅሶው መሃል።

ከግድግዳው ውጭ ቆምኩ። ይህንንም ልጻፈው፦ ልጄ ስታለቅስልኝ ደስ አለኝ። ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ የታላሶ ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ያለ፣ ቀጥሎ ውሃ ከኩባያ ወደ ሳፋ ሲፈስ። ለቅሶው ቀነሰ። ትንሽ ቆይቶ ሶስና ሳቀች።

ያመኝ እንደሆነ ለማየት ጠበቅሁ። አመመኝ።

ሄጄ ሱቄን ከፈትኩ።